በመዝገብዎ ላይ ያልተገኘው ሐረግ

ለተከበሩ የአካባቢ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ጀርባ የምኖረው ልብስ ሰፊዋ፣ ከአማቴ ጋር፣ ደህና ነኝ፤ ያደሉን ሐረግማ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው። ምስጋናዬንና ጥቂት አቤቱታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. የዛሬ ሁለት ዓመት ለየቤቱ ችግኝ ሲያድሉ «ቶሎ ያድጋል» ብለው ነበር፤ ከመሥሪያ ቤት የተነገረኝ ቃል ሲፈጸም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሦስት ወር አጥሩን ወጣ፣ በስድስት ወር የልብስ ማስጫ ገመዴን ወረሰ፣ በዓመቱ አማቴ ሙሽራ ሆነው የተከሉትን የሎሚ ዛፍ አንገቱን አንቆ ያዘ። እኔም ብልጥ ነኝና በጨርቅ መቀሴ ከታትፌ ጓሮ ጣልኩት፤ ለካስ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ያወጣል! አንድ ጠላት ነበረኝ፣ አርባ አደረግኩት።

2ኛ. ቅርንጫፉን ከነአበባውና ከነፍሬው በከረጢት ተሸክሜ ብመጣ፣ ባለሙያዎ ግንዱን ሰብረው፣ ነጭ ወተቱን በአጉሊ መነጽር አይተው፣ መዝገብ ገልጠው «ይህ መጤ አረም ወደ አካባቢያችን ገና አልገባም» አሉኝ። በደስታ ወደ ቤቴ ሮጬ ሐረጉን «አልገባህም እኮ!» አልኩት፤ ምን ያድርግ፣ አልገባውም።

3ኛ. ከረጢቱን መልሱልኝ ብል ማስረጃ አይመለስም ተባልኩ። እንግዳ ተቀባይዋም አበባው ስላማራት አንዱን ቅርንጫፍ መስኮትዎ ሥር ተከለችው። ዛሬ ሕንፃዎ ባለ ሦስት ፎቅ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ በቀትር መብራት አብርተው እንደሚሠሩ ስሰማ ትጋትዎ አስደነቀኝ።

4ኛ. አማቴ ማንበብ ስለማይችሉ መዝገቡ አላታለላቸውም። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዶማ አንሥተው «ከነሥሩ ነው እንጂ!» እያሉ ቆፈሩት፤ ቆርቆሮ ላይ ዘርግተው እስኪንኮሻኮሽ አደረቁት፤ ከዚያም አቃጠሉት። ወተቱ ቆዳ ስለሚያቆስል ጓንት ሰፋሁላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ተከተላቸው፤ እኔ ጓንት ሰፍቼ አልጨርስ አልኩ፤ በአሥራ አንድ ቅዳሜ ሰፈሩ ጸዳ። ሎሚው ግማሹ ደርቋል። ግማሹ ግን ባለፈው ሳምንት አበበ፤ አማቴ ግንዱን አቅፈው እየሳቁ ሲያለቅሱ አይቼ እኔ አሮጊት ልሆን የደረስኩት እንደ ልጅ ዘለልኩ።

5ኛ. የቀረው የእርስዎ ሕንፃ ብቻ ነው። ፍሬው ደርሷል፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈነዳና ጥጥ የመሰለ ዘሩ በነፋስ እየበረረ የለፋንበትን ሁሉ ዳግም ይወርሳል። ስለዚህ ሠላሳ ሰው ዶማ ይዞ እንዲገባ ፈቃድ ብንለምን፣ ለሌለ አረም ፈቃድ እንደማይሰጥ በሦስት ማኅተም የተረጋገጠ መልስ ልከውልናል። ማኅተሞቹ እጅግ ያምራሉ፤ በተለይ መካከለኛው።

በጉርብትናዎ ዘወትር የምታጌጥ፣ ዕድሜና ጥላ የምትመኝልዎ፣

ልብስ ሰፊዋ፣ ከነአማቷ

ማሳሰቢያ፦ ፈቃዱን ላለመስጠት ዳግም እንዳይደክሙ ብለን ቅዳሜ ዕለት ሠላሳችንም አጥሩን ዘለን ገብተናል፤ መጀመሪያ የዘለሉት አማቴ ናቸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ሲያነቡ ቢሮዎ ውስጥ እንግዳ ብርሃን ቢያዩ አይደንግጡ፤ መስኮት ነው።