ትንሽ ወደኋላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ታላቋ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ስትቀበዪ ቆመሽ አታንብቢው። ከሥራ ገብተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ እህል ቀምሰሽ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን ድምፅሽን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ብርዱ እንዴት ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። እጄ እንደምታውቂው ቀርፋፋ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ብዙም አልጻፈም። ቢሆንም ቀርፋፋነቱ ይሻለኛል። አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን እስካገኝ ማንም አያቋርጠኝም።

የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ ዓርብ አንቺ ወዳለሽበት ትመጣለች። የወንድምሽን ካሜራ በእሷ እጅ ላኪልኝ፣ ውስጡ ያለውን ፊልም እዚህ አሳጥበዋለሁ ብለሽኝ ነበር። ካሜራውን እልክልሻለሁ። ፊልሙ ግን ውስጡ የለም። ለዚህ ነው ከእሑድ ጀምሮ እህል አልወርድ ያለኝ። ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ጤናዬ። ወንድምሽን ከቀበርን ሁለት ወር አለፈ፤ እኔም ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወር ሞላኝ። ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ አይሰጡኝም። በተመለስኩበት ሳምንት የአንድ ደንበኛ ኮሌታ ስላቃጠልኩ አሁን የምተኩሰው የሆቴል አንሶላ ብቻ ነው። አንሶላ ኮሌታ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ካውያውን ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ከጎኔ የምትተኩሰው ሴትዮ ምሳዋን ታካፍለኛለች። ከእጇ ቅልጥፍና የተነሳ ፈጣኗ ነው የምንላት። ካልበላሁ ትቆጣለች። ኧረ ብዪ፣ ከአንሶላው ጋር አጥፌ እንዳልልክሽ ትለኛለች።

የወንድምሽን ክፍል አልነካሁትም። ግድግዳው ላይ የለጠፋቸው ፎቶዎች እንዳሉ ናቸው። የጋራዡ ሰውዬ ቱታውን እስከ ወገቡ አውርዶ እጅጌውን እንደ ቀበቶ ያሰረበት፤ ዳቦ ሻጯ በቀሚሷ ላይ የባሏን ማልያ የደረበችበት፤ ዘበኛው ሦስት ጃኬት ደራርቦ የሦስቱንም ኮሌታ በተራ የገለበጠበት። ከእያንዳንዱ ሥር ልብሱ ከየት እንደተገዛ፣ ቀድሞ ማን እንደለበሰው፣ ማን እንደጣፈው በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሌላው ሰው ሙሽራ ያነሳል፣ አንተ ቡትቶ ታነሳለህ ስለው ምን እንዳለኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?

"እማዬ፣ ሙሽራ ልብሷን የምትለብሰው አንድ ቀን ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ይሄን ጃኬት ዘጠኝ ዓመት ለብሶታል። ለእሱ ማን ይመዝግብለት?"

እኔ ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ጊዜ ያን እንደ ጆንያ የሚሰፋውን ጂንሱን አጥቤ፣ እንደ ዳኛ ሱሪ መስመር አውጥቼ ተኮስኩለት። አገላብጦ አየው። አበላሸሁበት ብዬ ስሳቀቅ፣ በማግስቱ ለብሶት ወጣ። ወር ሳይሞላ ሦስት ጎረምሶች ላውንደሪያችን መጥተው ጂንሳችንን እንደ እሱ አድርጊልን አሉ። ፊልም ላሳጥብ ነው ያለኝ ጊዜም፣ ምን ሌላ ቦታ ይወስድሃል፣ እኔ ጋ አምጣው ብዬዋለሁ። እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ።

አንቺ የላክሽለት ካሜራ ራሱ አያቀርብም፣ አያርቅም። ሰውየውን ማቅረብ ከፈለግሽ ትጠጊያለሽ፣ ማራቅ ከፈለግሽ ታፈገፍጊያለሽ፣ ሥራው በእግር ነው ይለኝ ነበር። ሰው ሲያነሳ ደግሞ ከጫማ እስከ ኮፍያ ነው፤ ከዚያ የጎደለ አይወድም።

ባለፈው ወር ስትደውዪ ሁለት ነገር ተናገርሽ። አንደኛው፣ ምነው ካሜራውን ባልላክሁለት አልሽ። ሁለተኛው ወንድምሽን መኪና ስለገጨበት ቀን ነው። ቃልሽን አልረሳሁትም።

"እማዬ፣ ወንድሜ እያፈገፈገ አስፋልት ውስጥ ሲገባ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየው ሰው አለ። የመጨረሻው ፎቶ ላይ ፊቱ አለ። አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልለውም።"

እኔም እሺ አልኩሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራው ያለበትን ቁም ሳጥን መክፈት ፈራሁ። ካሜራውን በሹራብ ሸፈንኩት። ከዚያ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ቢወድቅስ ብዬ ደግሞ አወረድኩት።

እሑድ ከሰዓት፣ ሊላክ ነውና አቧራውን ልጥረግለት ብዬ አወጣሁት። ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ ላይ ስስባት ጀርባው ተከፈተ። ወንድምሽ፣ ቤቱን ሙሉ ብትገለብጪው ይሄን ጀርባ ግን አትክፈቺ፣ ፊልሙ ብርሃን ካየ አለቀለት ብሎ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይዋም ጥሩ ነበረች። ወዲያው አልዘጋሁትም። ለምን እንዳትዪኝ።

ከዘጋሁት በኋላ ግን ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። እዚያ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ስንት ቀን ዞሮባቸዋል? ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ባለ ፎቶ ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን አያችሁ እያለ ሰው የሚጠይቀው ጋሼ።

"ማን ከፈተው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ምን ያህል ጊዜ?"

"አቧራውን እስክጠርግ።"

ካሜራውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ስለ አቧራው ምንም አላለም። እንዳስረዳኝ ከሆነ ፊልሙ እየተነሳ በሄደ ቁጥር ይጠቀለላል። ቀድመው የተነሱት ከሥር ይደበቃሉ፣ የመጨረሻዎቹ ከላይ ይሆናሉ። ብርሃን ደግሞ የሚበላው ከላይ ነው። ከሥር ያሉት ሊተርፉ ይችላሉ፤ ቃል ግን አልገባም፣ ረቡዕ ነይ አለኝ።

ረቡዕ ነገ ነው። ዛሬ ሁለት አንሶላ ገልብጬ ተኩሼ ፈጣኗ ሳይታይብኝ አስተካክላልኛለች። ከሥር ያሉት ቢተርፉ ደስታዬ ነው። ከላይ ስላሉት ምን እንደምመኝ አልጽፍልሽም። እጄም ደከመ።

ረቡዕ

ሃያ ሁለት ፎቶ ተርፏል። ጠርዛቸው ላይ ካውያ የነካው ልብስ የሚመስል ቀይ ጠባሳ አለ፤ ሰዎቹ ግን አሉ። ሁለት እህትማማቾች አንድ ካፖርት ለሁለት ለብሰው፣ አንዷ ግራ እጅጌውን፣ አንዷ ቀኝ እጅጌውን። ፀጉር አስተካካዩ ከላይ ከረባት፣ ከታች የስፖርት ሱሪ። ጋሼ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። ልጁ ዓይን ነበረው አለ። ከዚያ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ እንደ ከሰል የጠቆረውን ጫፉን በጣቱ አሳየኝ። የመጨረሻዋ እዚህ ላይ ነበረች፣ ብርሃን ሲበዛ እንዲህ ይሆናል፣ ከዚህ ምንም አይወጣም አለኝ።

ከፎቶ ቤቱ ስወጣ እፎይ አልኩ። ይህን ቃል ስጽፈው በራሴ አፈርኩ። ልጅሽ ያነሳው የመጨረሻ ፎቶ ጠፋ ሲሏት እፎይ የምትል እናት ምን ዓይነት ናት? እስከ ላውንደሪው በር ድረስ ቀሎኝ ተራመድኩ። አሁን ማንም አያይም፣ ማንም አያውቅም እያልኩ። በሩ ላይ ስደርስ አንቺን አሰብኩሽ። ፊት የሌለውን ሰው ስትጠዪ ኖረሽ ኖረሽ፣ ሰውየው ሲጠፋብሽ ወደ ራስሽ ትዞሪያለሽ። ምነው ካሜራውን ባልላክሁለት ወደማለቱ። ያንን አልችልም።

ልጄ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ወንድምሽ በምሳ ሰዓት ላውንደሪ መጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጠዋት ስለበረደኝ የእሱን ሰፊ ጃኬት ጋዋኔ ላይ ደርቤ፣ እግሬም ስላበጠ አሮጌ ስኒከሩን አድርጌ ነበር። በሩ ላይ ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማዬ እንዳትነቃነቂ፣ ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ሰው ለካ እቤቴ ነው ያለው አለኝ። ሂድ ወዲያ፣ ፊልም አታባክን አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር ግን። የመንገዱን ሰው ሁሉ አንስቶ እኔን አንድ ቀን ላንሳሽ ብሎኝ አያውቅም ብዬ በሆዴ ቅር ይለኝ ነበር።

በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩለት። የሠርጌ ፎቶ ትዝ አለኝ። አባትሽ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል፣ የእኔ እግር ተቆርጧል፤ ያን ነጭ ጫማ ማንም ሳያየው ቀረ።

"ጫማዬን እንዳትቆርጥብኝ" አልኩት።

"አይቆረጥም" አለ፤ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

"ገባ?"

"ሊገባ ነው።"

እኔም እየሳቅኩ፣ "ትንሽ ወደኋላ" አልኩት።

ካሜራው ሲያነሳ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላውን ድምፅ ሰማሁ። መኪናውን አላየሁትም። የማየው እሱን ነበር። ይህን ብታምኚኝም ባታምኚኝም እውነቱ ይሄ ነው።

ሰው ሲሰበሰብ እኔም ከውስጥ ሮጬ የወጣሁ መሰልኩ። ፖሊሱ የት ነበርሽ ሲለኝ የመለሰችለት ፈጣኗ ናት። ውስጥ ነበረች፣ ከእኔ ጋር አለችው። በመስኮቱ አይታናለች፣ ሁሉን ታውቃለች፤ አዝናልኝ ነው። እኔም አላረምኳትም። ሹፌሩን ጥፋት የለበትም ብለው ስለለቀቁት፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ተውኩት። አንቺ ለቀብሩ እንዳትመጪ ፈቃድ ከልክለውሽ በስልክ ስታለቅሺ አላረምኩም። ያ ሰው ማነው ስትዪም አላረምኩም። አንዲት ቃል ናት፤ በቆየች ቁጥር ግን ትከብዳለች።

እንግዲህ የምትፈልጊው ፊት ይሄ ነው። ፎቶው ስለሌለ መልኩን ከእኔ ትቀበያለሽ። ጃኬቱን ወንድምሽ ከአሮጌ ልብስ ሻጭ ነው የገዛው፤ ቀድሞ የለበሰው አይታወቅም፤ የግራ ኪሱን የጣፍኩት እኔ ነኝ። ስኒከሩ የእሱ ነው፤ የአንዱ እግር ማሰሪያ ነጭ፣ የሌላው ጥቁር። ጋዋኑ የላውንደሪው ነው። ሴትዮዋ ትስቃለች።

ካሜራውን የላክሽለት አንቺ ነሽ፤ እዚያ አስፋልት ዳር ያቆመው ግን ካሜራው አይደለም። ያንን ለራስሽ እንዳትወስጂው። የአንቺ ድርሻ ደስታው ብቻ ነው፤ ደስታውን ደግሞ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሃያ ሁለቱን ፎቶ ከካሜራው ጋር ልኬልሻለሁ። ጃኬቱን አልላክሁም። ለብሼዋለሁ። ስለ አቧራው የጻፍኩትን ልሰርዝ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ሳይነገርሽ ይገባሽ ነበር።

ነርሷ ፖስታውን ስትሰጥሽ ትንሽ አብራሽ እንድትቀመጥ ለምኛታለሁ፤ የተጻፈውን አታውቅም። በየሳምንቱ በምትደውዪበት ሰዓት እሑድ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ባትደውዪ ይገባኛል። በሚቀጥለው እሑድም ባትደውዪ ይገባኛል። በሦስተኛው ግን ደውይና ስደቢኝ። ስድቡም ቢሆን በአንቺ ድምፅ ይሁን።

መንገድ ስትሻገሪ መኪናው ከሩቅ ይይሽ። ብርዱ ይራራልሽ። የምታምኚው ሰው አይዋሽሽ።

እናትሽ