እትብቴ የተቀበረበት ዛፍ

ከሱፍሪየር፣ ሴንት ሉሲያ

ይድረስ ለወንድምጋሼ ኢግናስ፤ መርከቡና ባሕሩ እንደምን ይዘውሃል? እኛ ከጭቅጭቃችን በቀር ደህና ነን።

አባባ «ኑዛዜ የጻፈ ቶሎ ይሞታል» ሲል ኖሮ፣ ኑዛዜ ሳይተው ሄደና ጣጣውን ለእኛ ተወልን። አጎታችን ደግሞ «እትብቱ በዚህ መሬት የተቀበረ ሁሉ ድርሻ አለው» ብለው ነገሩን አባባሱት። ወንድማችን ቲቡርስ እትብቱ የተቀበረበትን ማንጎ፣ እህታችን ክሌሞንስም የእሷ የተቀበረበትን ኮኮናት «የእኔ ነው» እያሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። አባባ አልጋ ላይ ሲውል ግን አንዳቸውም ብቅ አላሉም፤ ያጠብኩትም ያጎረስኩትም እኔ ነኝ።

ትናንት ክሌሞንስ «ያንቺስ ዛፍ የቱ ነው?» አለችኝ። ድስቱ እያረረብኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ከሌላ ቤት ታዝዬ ወደዚህ ቤት ስመጣ አንተ ነፍስ አውቀህ ነበር። ከኩሽናው ጀርባ ያለውን የብርቱካን ዛፍ እስካሁን ማንም የእኔ ነው አላለም። እማማ ከሥሩ ስትቆፍር አይተህ ይሆናል። ካላየህም፣ እስክትመጣ ድረስ እንዳየህ አስታውስ።

ባሕሩ በሰላም ይመልስህ።

እህትህ ፊሎሜን