የሐምዳን የአረፋ ፍየል

ልጄ ሎዛ፣ በሰው አገር እግዜር ከክፉ ይሸሽግሽ። እኔና አባትሽ ተርፈናል።

ኩዌት አረፋ ብዙ ቀን ይከበራል ብለሽኝ ነበር፤ እዚህ ባምባሲ አንድ ጠዋት እንኳ አላስጨረሱንም። ታጣቂዎች ሲመጡ ጎረቤታችን ሐምዳን ጓዳው ውስጥ ሸሸገንና በሩ ላይ ቆመ። «ወለጋዎቹን አውጣ!» ሲሉት «በበዓሌ እንግዳ አላወጣም» አለ። ደረቱን በጥይት መትተው ገደሉት፤ ደሙ በበሩ ስር ገብቶ እግሬን አራሰው። መንደሩ ሲጮህ ሸሹ፣ ፈሪዎች!

ሙስሊም ያረደውን ስለማንበላ፣ እንደወትሮው ራሳችን እንድናርደው ያቆየልን ፍየል ዛሬም ደጁ ላይ ታስሯል። አባትሽ ቢላ አንስቶ እጁ እንቢ አለው።

እግዜር በሰላም ያገናኘን። ማዳምሽ ጁምዓ ስትሰግድ ለሐምዳን ዱዓ እንድታደርግለት ለምኛት። ማን ነው ካለችሽ ጎረቤት አትበያት፤ የእናቴ ወንድም ነው በያት።

እናትሽ ብሪቱ