ልብ ያላልኩት ልብ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1959

ስልክ ቤት ዋልኩ። የአዲስ አበባ መስመር ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት ተመለሰ። አንድ ነጋዴ ማክሰኝት ካለ ደንበኛው ጋር ስለ ኑግ ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። መስማት ክልክል ነው… ግን ሳይሰሙ ማገናኘት እንዴት ይቻላል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ ግን እንጀራዬ ነው።

ልጄ ሸዋረግ ዛሬም ታነክሳለች። ትናንት ቀኝ ጉልበቷ ነበር፣ ዛሬ ግራው አብጧል። ቁርጥማት በዘጠኝ ዓመት ልጅ? የሚዞር ሕመም አልወድም። የሰው ዓይን ይሆን?

ጥቅምት 15

ባለቤቴ እናኑ አሸነፈችኝ፤ ልጅቷን ሆስፒታል ወሰድናት። ጤና መኮንኑ አቶ አለነ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው። ጉልበቷን ነካ አድርጎ ተወው። ከዚያ ደረቷን ቢያዳምጥ ቢያዳምጥ አልጠግብ አለ። ጉልበት ይዤለት መጣሁ፣ ደረት ውስጥ ምን ጠፍቶበት ነው? ጉሮሮዋን በጥጥ ጠረገ፤ ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ከተተው። ደምም ቀዳ።

«በቅርቡ ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

«የልጅ ጉሮሮ መቼ ሳያም ቀርቶ ያውቃል!»

«ቁርጥማቱ ከዚያ ነው የሚነሳው። ልቧን አሟታል። በየወሩ መርፌ መወጋት አለባት፣ ለብዙ ዓመት።»

ሕመሙ በዚህ አገር ስንት ልጅ እንደሚይዝ ገና እያጠኑ ነው አሉ። ያላወቁትን በልጄ ሊያውቁት?

ኅዳር 4

ጉልበቷ ደኅና ሆኗል። ትሮጣለች። የዳነች ልጅ ምን መርፌ ያሻታል?

ኅዳር 9

ሆስፒታሉን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘሁ። የአቶ አለነ ድምፅ ነው።

«የልጆቹ ደም ሐሙስ በአውሮፕላን ይመጣላችኋል።»

«ሸጋ ነው፣ ጨምሩ!» አለ ያኛው። ሳቀም።

ጨምሩ! የማን ደም ነው የሚጨመረው? ለእናኑ አልነገርኳትም። ጠይቄ እንዳልረዳ፣ ከየት ሰማህ ቢሉኝስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ኅዳር 15

የመርፌዋ ቀን። አልወሰድኳትም። ለእናኑ «ቀጠሮው ተላልፏል፣ ደውለው ነገሩኝ» አልኳት። የስልክ ቤት ሰው ሲዋሽ ማን ያጣራል?

ኅዳር 28

ሸዋረግ ምራቅ መዋጥ አቃታት። ጉሮሮ ነው፣ ያልፋል።

ታኅሣሥ 11

አላለፈም። ፊቷ ነጥቷል። ደጃፉን ሳትሻገር ታለከልካለች። እህል አይታያትም። «ምንሽን ነው?» ብላት እጇን ከእምብርቷ በላይ አድርጋ «ልቤን ያመኛል» አለች።

ልቤን! አቶ አለነ ያለው ይሄንኑ ኖሯል? ይሄማ ኮሶ ነው! ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብልቃጥ? ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ተምረው ኮሶ አያውቁም። ነገ ማለዳ አጠጣታለሁ።

ታኅሣሥ 13

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

አጠጣኋት። «አባዬ፣ በቃኝ» አለች። ጨርሺው አልኳት። ወደ ጓሮ ስትሄድ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸክሜያት ሮጥኩ።

አቶ አለነ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልቧን አሟታል ስላልከኝ ነው ኮሶ ያጠጣኋት አልኩት።

«ጋሼ፣ ሆዷን ማለቴ እኮ አይደለም። ልቧን ነው… የሚመታውን!»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። መጀመሪያ የራሴን ሰማሁ፣ ዱብ ዱብ፣ ጥርት ያለ። ቀጥሎ የሷን። በሁለቱ ምት መካከል ሽሽሽ የሚል አለ። የሚያፏጭ መስመር ስንቴ ሰምቻለሁ፣ ሰው ልኬ አስጠግኛለሁ። ይሄን ማንን ልላክበት?

«የልቧ መዝጊያ ተጎድቷል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይፈስሳል» አለ። «የተጎዳው አይመለስም። እንዳይብስ የሚጠብቃት መርፌው ነው። ያ የቀረው መርፌ…»

«በአውሮፕላን የሚሄደው ደምስ?» አልኩት።

«የሚመረምር መሣሪያ እዚህ የለንም።»

ከየት ሰማህ አላለኝም። መጠየቅ ይሄን ያህል ቀላል ነበር? እናኑ አላናገረችኝም። ቀጠሮው እንዳልተላለፈ ነግረዋታል። ልጄን በገዛ እጄ… አምላኬ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

ጥር 11

ጥምቀት። ሸዋረግ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ገብታለች። ታቦት ሲያልፍ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አየች። መሮጥ ተከልክላለች። እኩዮቿ እየሮጡ አለፉ።

የካቲት 12

ተረኛ ነበርኩ። ከማክሰኝት አንድ ገበሬ ጎንደር ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር አገናኙኝ አለ። አገናኘሁ። እንደ ልማዴ ማዳመጫውን አላወለቅኩም።

«አያ ማለደ፣ ልጄ ጽጌሬዳ ጉልበቴን ብላ ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ልቧን አሟታል አሉኝ። ምን ላርግ?»

«ምነው ታዲያ ሐኪም ቤት ትንከራተታለህ? ልቧን ካመማት ኮሶ አጠጣት እንጂ!»

«ሸጋ። እንግዲያ ነገ ጠዋት…»

ስልከኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። እጄ ግን ቁልፉን ገፋው።

«ወንድሜ፣ ኮሶውን ተወው!»

«ማነው?» አለ ታላቁ።

«ስልከኛው ነኝ። ሐኪሞቹ ሆዷን አይደለም ያሉት፤ ደረቷ ውስጥ የሚመታውን ነው። ነገ በማኪና አምጣት፣ ጎንደር ሆስፒታል በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

«ሰው ሲያወራ ታዳምጣለህ እንዴ? አንተስ ምን አውቀህ?» አለኝ የልጅቷ አባት። ጠረጠረኝ። አልፈርድበትም።

«እኔ ለልጄ አጠጥቻት ነበር» አልኩት።

«ማኪናው ስንት ሰዓት ይነሳል?» አለኝ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ነገ ጠዋት ቢሮ ና ብሎኛል። ከሰዓት እመጣለሁ አልኩት። ጠዋት የሸዋረግ መርፌ ነው፤ እኔና እሷ በሩ ላይ እንጠብቃቸዋለን።