የእናቴ አስተርጓሚ

ሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለተማሪዎቹ ምሳ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሠራን። ዳቦውን በሉ፣ ባቄላውን ተወራወሩበት።

ከሥራ ስመለስ እማዬ ጓሮ ተንበርክካ ሽንኩርት ትተክላለች... በዚያ ጭቃ! በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ! «ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል» ብላት፣ «አንቺ የተከልሽው መደብ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። ማን ያቃናው?» አለችኝ። አፏ ምላጭ ነው። ጎረቤቶቻችን እኛ ቤት የሚመጡት ቡና ሊጠጡ ሳይሆን በሷ ነገር ሊስቁ ነው።

ሮስኮ ከተልሳ ከተማ ደወለ። ወንድሜ ሁሌም ይቸኩላል። ደህና ነን አልኩት። ደህና ነበርን።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

እማዬ ወደቀች። በረንዳው ላይ፣ የዶሮ መኖ እንደያዘች። ቀኝ እጇ አይነሳም። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል... ባርትልስቪል ሆስፒታል ነን። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ማርች 15

ዛሬ ተናገረች!

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ፊቱ ደግ። «ድምፅ ታወጣለች፣ ቃል ግን አይደለም። ጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰው ደም መናገሪያዋን ጎድቶታል» አለኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ ሳትነቅል «ምፒ» አለች። ደግማ፣ «ምፒ»።

ቆይ... ምፒ እኮ ውሃ ነው! ልጅ ሆኜ ከጉድጓድ ቅጂ ስትለኝ የምትለው። «ውሃ ነው የምትለው!» ብዬ ስጮህ ነርሷ ደነገጠች። በማንኪያ ሰጠኋት። ጠጥታ ዓይኗን ጨፈነች። ስድስት ቀን ሙሉ ስትለምን ኖሯል?

ሐኪሙን ጠርቼ ነገርኩት። ቃል ነው፣ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በዚህ አገር የነበርነው የሌናፔዎች ቋንቋ ነው። አንዳንዴ ሰው በልጅነቱ አፉን የፈታበት ይተርፋል፣ በኋላ የተማረው ይጠፋል፣ መናገሩም መስማቱም፣ አለ። እንግሊዝኛዋ ይመለሳል? ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።

እንግሊዝኛን የተማረችው አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። እኔንና ሮስኮን ግን የሷን ቋንቋ አላስተማረችንም። ስንጠይቃት «ከማን ጋር ልታወሩበት?» ትለን ነበር።

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ቤት ገባን። በግራ እጇ ትበላለች፣ በኔ ትከሻ ተደግፋ ትነሳለች። ታወራለች፣ ታወራለች... እኔ የማውቀው ውሃ፣ ዳቦ፣ ተቀመጪ፣ አትንኪ። የአራት ዓመት ልጅ የምታውቀውን ያህል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሷ ጋር ስኖር አንድ ቀን እንኳ ዝም የተባባልን አይመስለኝም። ዛሬ እንደ እንግዳ ተያየን።

ሮስኮ መጥቶ ነበር። ተልሳ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አይቷል። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ለሱም ቅርብ ነው።

«እዚያ የምትለውን የሚሰማት ማነው?» አልኩት።

«እዚህስ ማነው? አንቺ ነሽ፣ ዊልማ?»

ተነስቼ የእማዬን ትራስ አስተካከልኩ። እሱም የተናገረው ከብዶት መሰለኝ፣ ሳህን ማጠብ ጀመረ። በሕይወቱ ሳህን አጥቦ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ማርች 27

ዲዊ ከተማ ሄጄ አጎቴ ሆራስን አመጣኋቸው። አጎቴ እላቸዋለሁ እንጂ ዘመዳችን አይደሉም። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰማንያ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ አካባቢ ቋንቋውን ጥርት አድርገው የሚናገሩ ሌላ ሰው አላውቅም።

ነገሩን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አነሱ። «እናትሽ ቤቷ ታስገባኛለች?» አሉ። መኪና ውስጥ ምክንያቱን አጫወቱኝ። ወጣት ሳሉ እናታቸው በጥንቱ ወግ ለልጃቸው ሚስት ለመጠየቅ አንድ የአጋዘን ታፋ ተሸክመው ወደ እማዬ ወላጆች ደጅ ሄዱ። ሥጋው ተቀባይነት ካገኘ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። እማዬ ሥጋውን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ለውሾች ወረወረችው። «ጥሩ ሥጋ ነበር» አሉ አጎቴ ሆራስ፣ እስካሁን የቆጫቸው ሥጋው ይመስል።

ቤት ስንገባ እማዬ ቀና ብላ አየቻቸው። «ምዌካኔ» አለች።

ይቺን እንኳ አውቃታለሁ። ውሻ ማለት ነው።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ውሻህ እንዴት ነው እያለችኝ ነው።»

«ውሻ አለዎት እንዴ?»

«ነበረኝ» አሉ፣ ወንበር እየሳቡ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

በየቀኑ ይመጣሉ። ሥራ ስውል ጎረቤታችን ቬራ ከእማዬ ጋር ትሆናለች፣ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ይተካሉ። ጫማቸውን ግን አይጠርጉም። እማዬ ብዙ ታወራለች፣ እሳቸው ትንሽ ይተረጉማሉ።

«ይሄን ሁሉ አውርታ ‹አመሰግናለሁ› ብቻ?»

«ቋንቋችን ረጅም ነው፣ ልጄ።»

ድንች ስልጥ ቋንቋውን ያስተምሩኛል። እሱና እሷ የሚባል የለም አሉኝ። ወንዱም ሴቱም አንድ ነው። የሚለየው ሕይወት ያለውና የሌለው ነው። ዛፉ እንደ ሰው ነው የሚጠራው። የጥንት ተረት እንዲያጫውቱኝ ብጠይቃቸው ተቆጡ። ተረት የክረምት፣ የበረዶው ወቅት ነው። ሙቀት ከገባ በኋላ ያወራን ሰው ትንኝና ጉንዳን ሰምተው ይወሩታል። «ሰው የሚለውን ሁሉ ማን ይሰማል መሰለሽ?» አሉ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10

ማታ ማታ ሳስተኛት አንድ ነገር ትለኛለች። ሁሌ ያንኑ። «ንዳነስ» ብላ ትጀምራለች፣ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ የማላውቀው ይቀጥላል። እጄን ይዛ ነው የምትለው።

ለአጎቴ ሆራስ ደግሜ አሰማኋቸው። «ሾርባው ጣፈጠኝ ነው» አሉ።

ትናንት ግን ሾርባ አልሠራሁም። ዛሬም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ፋሲካ። ሮስኮ መጣ። ዶሮ ጠበስኩ፣ በወይን ጭማቂ የሚቀቀለውን ሊጥም ሠራሁ፣ እማዬ ስለምትወደው። ከበላን በኋላ ሮስኮ ወንበሩን አስጠግቶ «አጎቴ፣ በቀጥታ ይጠይቁልኝ። ከኔ ጋር ተልሳ ትሄጃለሽ? በሏት» አላቸው።

ጠየቋት። እማዬ ሳህኗን በግራ እጇ ገፋ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ተናገረች። ስሜን ጠራች። ሮስኮን አየችው። አጎቴ ሆራስ ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ምን አለች?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቴ ነው፣ አልወጣም አለች።»

ሮስኮ አንገቱን ደፋ። «እሺ» አለ። «እሺ፣ እማዬ። ማን ያስገድድሻል?» ጉንጯን ስሞ ሄደ።

እኔ ግን ሰማሁ። ሁሉንም አይደለም። «እሄዳለሁ» የሚለውን ግን ሰማሁ፣ ባለፈው ሳምንት ነው ያስተማሩኝ። አልሄድም አላለችም። ሰውዬው ምን እያደረጉ ነው? እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ደስ ስላለኝ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

መኪናቸው ጋ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ዋሽተዋል» አልኳቸው። «እሄዳለሁ ነው ያለችው።»

ይክዱኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «በደንብ አስተምሬሻለሁ ማለት ነው» አሉ።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ይወስደኝ አለች። ዊልማ ባሏን ቀብራ መጥታ እኔን ስትጠብቅ ጠጉሯ ሸበተ፣ ገና ዕድሜ አላት፣ ትኑርበት አለች።»

«ማታ ማታ የምትለኝስ?»

«ልጄ፣ ደከምሽ፣ ይብቃሽ። እሱን ነው።»

መኪናው ላይ ተደገፍኩ። ለምን ዋሹ አልኳቸው። መንገዱን እያዩ መለሱልኝ። እህታቸው ከሞተች ወዲህ በቋንቋቸው የሚያወሩት ከበቅሏቸው ጋር ነው። በቅሎዋ ደግሞ አትስቅም። «እናትሽ ትሰድበኛለች፣ የቆሸሽክ ነህ፣ አፍንጫህ እንደ ዱባ ነው ትለኛለች። ግን ቀልድ ሳወራ፣ ታውቃለሽ፣ ቀልዱ ይገባታል። ተልሳ ከወሰዷት ለማን ልቀልድ?»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም። ግን የእማዬ ቃል የእማዬ ነው። ለሳቸው ብቸኝነት መድኃኒት አይደለም... ለኔም አይደለም።

«የምለውን ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

ልምምድ፣ ጎተራ ውስጥ። አፌ አይታዘዝም። ጉሮሮ የሚፈልግ ድምፅ አለ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሳል ይሆናል። አጎቴ ሆራስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አሁን እናትሽን ድስት አደረግሻት! ሕይወት ያላት ናት እኮ!»

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19

ፈራሁ። ነገ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ነገርኳት።

በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ከፊቷ ቁጭ ብዬ በቋንቋዋ አልኩ፦ እናቴ፣ አጎቴ ሆራስ ያልሽውን አዛብተው ነው የተረጎሙት። እኔ አልደከምኩም። እዚህ ብትሆኚ እወዳለሁ። ምርጫው ግን ያንቺ ነው፣ ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ የመጀመሪያዋን ቃል አረመችኝ። አስደገመችኝ። ደግሜ ስስት እንደገና አስደገመችኝ! ልቤ ሊወጣ ደርሶ እሷ ስለ ቃሉ!

ሲቃናልኝ «ማን አስተማረሽ?» አለች። ገባኝ፣ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

«ምዌካኔ» አልኳት።

ሳቀች። በተጣመመው አፏ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ የሷ ይሁን የኔ እንጃ።

ሳትመልስልኝ ዋለች። አጎቴ ሆራስ ሲመጡ አስቀምጣ አነጋገረቻቸው፣ እሳቸውም እንደ ተማሪ ቆመው አንድ በአንድ ተረጎሙ። ትቀራለች። ግን ዊልማ ቅዳሜና እሑድ ከቤት ትውጣ፣ ጭፈራም ካለ ትጨፍር። ሮስኮ እውነቱ ይነገረው። እኚህ ሰውዬ ደግሞ ጫማቸውን ሳይጠርጉ አይግቡ።

«ሌላም ብላለች» አሉ። «ስለ ጥርሴ ነው። ልለፈው?»

«አይለፉት» አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ለሮስኮ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ጮኸ። «በእናቴ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ዋሸኝ? አንቺስ እየሰማሽ ዝም አልሽ?» ልክ ነህ አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በእውነት እሄዳለሁ ብላ ነበር?» አለ።

«ብላ ነበር። ለኔ ብላ ነው።»

«አንድ ቃል እንኳ አልገባኝም እኮ፣ ዊልማ። ፊት ለፊቴ ስታወራ...»

እስከ ሴፕቴምበር እንየው ተባባልን። ከፋኝ ወይስ ቀለለኝ? ሁለቱም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

እማዬና አጎቴ ሆራስ ስለ አንድ ሰው ስም ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ሰውዬው ከሞተ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ቆሎ እየበሉ! ግማሹ ገባኝ።

እሑድ፣ ሜይ 26

ዛሬ የሌናፔ ኳስ። በየፀደዩ እንደምንጫወተው፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። ኳሷ የአጋዘን ቆዳ ናት፣ ውስጧ ጠጉር። ሴት በእጇ ይዛ ትሮጣለች፣ ትወረውራለች። ወንድ በእግሩ ብቻ ነው፣ እጁ ከነካት ወየውለት።

በየዓመቱ በቋንቋችን ጸልየው ኳሷን የሚያስጀምሩት ሽማግሌ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ማን ይተካ? ሰዉ አጎቴ ሆራስን አየ። እሳቸው ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው በባርኔጣው ወደ እማዬ አመለከቱ። ሮስኮ ከነተሽከርካሪ ወንበሯ ገፍቶ ሜዳው መሐል አደረሳት። ለሣሩም ለዝናቡም፣ ለቆሙትም ለሌሉትም አመሰገነች። ረጅም ነበር። ሕፃናት እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ኳሷን በግራ እጇ ወደ ላይ ወረወረቻት።

ሁለት ጊዜ ጎል አገባሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! ከዲዊ የመጣ አንድ ወፍራም ፖሊስ መንገድ ዘጋብኝ፣ በሆዱ ሥር አለፍኩ። እማዬ ከዳር ሆና ወንዶቹን ትሰድባለች። ሰዉ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። አጎቴ ሆራስ ድምፃቸው ስለተዘጋ እኔ እየሮጥኩ እተረጉማለሁ። «ዳክዬ እንኳ ካንተ ይሻላል አለችህ!» «አንተን ደግሞ እግርህን ተበድረህ ነው ወይ አለችህ!» ሳቅ በሳቅ።

ጨዋታው አልቆ ሰዉ ወደ ምግቡ ሲሄድ ሮስኮ ወንበሯ አጠገብ ቆመ። ላቡን እየጠረገ፣ ከዚያ እጆቹን ኋላው አጣምሮ፣ እንደ ልማዱ። ወደ ምግቡ በኩል ሣሩ ረዝሟል፣ ወንበሩ አይገፋም። እማዬ ቀና ብላ አየችውና አንድ ነገር አለችው። እሱ ወደኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። «እናንተ ወንዶች ኳስ አትያዙ ተባላችሁ እንጂ እናታችሁን አትያዙ ተባላችሁ?»

ሮስኮ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እጆቹን ከኋላው ፈታ፣ ጎንበስ አለና አንስቶ ታቀፋት። ግራ እጇን አንገቱ ላይ ጠመጠመች። ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ፣ እሷ ጆሮው ሥር እያወራች፣ እሱ ምንም ሳይገባው እሺ፣ እሺ እያለ።

እኔ ባዶውን ወንበር ይዤ ተከተልኩ።