ከምርቃናው በፊት

ጥቅምት 5 ቀን 1979
ክሊኒክ ዋልኩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ፣ ደግሞ ቁስል ማጠብ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሰዓት አለቃዬ አስጠሩኝ… ለሥልጠና ተመርጫለሁ! ጫትና መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች ማማከር። አብራኝ ለምትሠራው ለበድሪያ ብነግራት ሳቋ አልቆም አለ። «እዚህ ድሬ? አቦ የሺ፣ ማንን ይዘሽ ማንን ልትተዪ?» ትሳቅ። እኔ ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 12
አሠልጣኛችን ሲስተር በለጠች ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ሰጡን። ሰውየው መሀል ላይ ከቀረ ሰርተፊኬት የለም። የኔው ሣህሉ ነው፣ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ። ከምሳ በኋላ ይቅማል፣ ሲመሽ የጫቱን ምርቃና በአረቄ ይሰብራል። ሚስቱ ዘነበች ሕፃኗን ይዛ ኤረር እናቷ ጋ ገብታለች። «አረቄውን ካልተውክ አልመለስም» ብላዋለች። እኔ ሰርተፊኬት እላለሁ… እሱ ትዳሩ ነው።

ጥቅምት 14
ጉድ! በዘጠኝ ሰዓት መጣ፣ እስኪመሽ አወራን። አረቄውንም ጫቱንም ተወ! ሳቢያን ሰፈር ቤት ይሠራል፣ ማታ ማታ ይማራል፣ ልጁን ኩባ ልኮ ያስተምራል። በአንድ ቀን! ይሄን ያህል ችሎታ ነበረኝ እንዴ?

ጥቅምት 15
ጠዋት ከዚራ ሰፈር አገኘሁት። «ቃልህን እንዳትረሳ» አልኩት። «የምን ቃል?» አለኝ ዓይኑን እያሸ።
ለሲስተር ነገርኳቸው። «በዘጠኝ ሰዓት? የኔ ልጅ፣ ያወራሽው ከምርቃናው ጋር ነዋ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የድሬ ልጅ ሆኜ! በምርቃና ፎቅ ያልሠራ ማን አለ? አፈርኩ… ኋላ እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 18
ሥራ ሳይገባ በጠዋት ቀጠርኩት። ፊቱ ኮሶ የጠጣ ይመስላል። መምከር አማረኝ፣ አፌን ያዝኩ። ራሱ ጀመረ፣ «ጫቱን አልተውም፣ አልዋሽሽም። አረቄውን ግን… ዛሬ አልጠጣም።»
«ነገስ?»
«አቦ፣ የነገን ነገ ጠይቂኝ።»
ይህቺው ናት። ግን ከኩባው ይልቅ ይህቺ ደስ አለችኝ።

ጥቅምት 27
ቀረ። ምሳ አልበላልኝም።

ጥቅምት 28
መጣ! ገና ሳይቀመጥ፣ «ትናንት ጠጣሁ» አለ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሲስተር ግን አጨበጨቡ። «ማንም ሳይጠይቀው? ራሱ? እሰይ! አሁን ተጀመረ።»

ኅዳር 21፣ እሁድ
ከቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። ይቅጡኝ! ሣህሉ «አብረሽኝ ካልሄድሽ እግሬ እሺ አይለኝም» ሲለኝ ምን ላድርግ? ዘነበች አረቄውን መተዉን ሰምታ ከኤረር ትመጣለች፣ ልንቀበላት ባቡር ጣቢያ ሄድን። «ትናንት ጠጣሁ» ካለኝ ቀን ወዲህ አረቄ አልቀመሰም።
ዘነበች ልጇን ታቅፋ ወረደች። ሰላም የለ፣ ምን የለ። «አፍህን ክፈት» አለችው። በሰው ፊት! ከፈተ። ጠጋ ብላ አሸተተችው። ኩሊዎቹ ሥራ አቁመው ያያሉ።
«ጫት ነው» አለች።
«ጫት ነው» አለ። «እሱን ገና ነኝ።»
ሳቋ አመለጣት። እንቅልፍ የወሰዳትን ልጅ ክንዱ ላይ አደረገችለት።
«አንገቷን ደግፋት» አለችው።