በአካፋ ያጠፋሁት ዱካ

ውድ ዕድላዊት፣

ሰበታ እህትሽ ቤት ከሄድሽ ሁለት ወር ሊሞላሽ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «አንተ ባትደርስልኝ ኖሮ ዛሬ የለሁም» አልሽኝ። እውነቱን በድምፅ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

የጎረቤታችን የዋቆ በጎች ያለቁበትን ጠዋት ታስታውሻለሽ። ከብሎኬት ማምረቻዬ አጥር ሥር አንዷ ሆዷ ተዘርግፎ ሞታለች፤ ሌላዋ ጉሮሮዋ ተቦጭቆ ገና እግሯን ታራግብ ነበር። ደሙ በዋዜማው እስካራገፍነው አሸዋ ድረስ ተንጠባጥቧል። አሸዋው ላይ ዱካ ነበር። የሰፈሩ ሰው አይቶ «የገፈርሳ ጅብ ነው» ብሎ ደመደመ።

ጥበቃችን ኦቦ ኢተፋ ግን ቁጢጥ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ሰዉ ሲበተን ጠሩኝ።

«ዋራቤሳ ሚቲ» አሉኝ፤ ጅብ አይደለም። «ጅብ ሥጋውን ትቶ አይሄድም። የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል፤ እነዚህ እኩል ናቸው። ውሻ ነው። ይሄን የቀኙን ደግሞ እየው፤ አንድ ጣት የለውም።»

ውሻችን አንበሶ ነበር። የብሎኬት ማሽኑ ጣቱን ሲቆርጠው ቁስሉን ያሰርሽለት አንቺ ነሽ። ወንድሜ ጆኒ ለአንቺ ሽማግሌ በላከ በወሩ ሞተር ገልብጦት ሲሞት፣ ውሻው አርባ ቀን ከክፍሉ በር አልተነሳም። ከጆኒ የቀረኝ እሱ ብቻ መሰለኝ። ዋቆ ቢያውቅ እንደሚገድለው አውቃለሁ። «ኦቦ ኢተፋ፣ እባክዎን ለማንም እንዳይናገሩ» ብዬ ለመንኳቸው። አካፋ አንስቼ አሸዋውን ገለበጥኩት። አንበሶን ከመጋዘኑ ጀርባ አሰርኩት።

ከሰዓት ወንዶቹ መጥረቢያና ጦር ይዘው ገፈርሳ ጫካ ወረዱ። እኔም አብሬ ወረድኩ። ባህር ዛፉ ውስጥ አንዲት ጅብ ከተኛችበት ጉድጓድ በጭስ አስወጧት። በድንጋይ ወገቧን ሰበሯት፤ በፊት እግሮቿ እየተጎተተች ልታመልጥ ስትል እንዳልጠረጠር ብዬ የመጀመሪያውን መጥረቢያ እኔ አሳረፍኩባት። አጥንቷ ሲሰበር እጄ ድረስ ተሰማኝ። ስንገለብጣት ጡቶቿ ወተት አግተዋል። በገመድ አስረን እየጎተትን አስፋልት ላይ አሳየናት፤ ሰዉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት።

በማግስቱ አንበሶ ምግብም ውሃም እምቢ አለ። ለሃጩ ይወርዳል፤ የገዛ ገመዱን ያኝካል። ኦቦ ኢተፋ አይተውት «አብዷል፤ ዛሬውኑ ይገደል» አሉኝ። እስከ ነገ ልየው አልኳቸው። ያን ቀን አንቺ በር ላይ አግኝተሽኝ፣ በማለዳ ወደ ፋብሪካው ሰርቪስ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ስትዪኝ ምን እንዳልኩሽ አስታውሺ። «ጅቡ እኮ ሞቷል፤ ምን ትፈሪያለሽ?» አልኩሽ። ሳቅ ብዬ ነው ያልኩሽ።

በነጋታው ጩኸትሽን ስሰማ ገመዱ ተበጥሶ አየሁ። ስደርስ ጉንጭሽን ለቆ ግራ እጅሽን ይዟል። ፊትሽ በደም ተሸፍኖ «አንበሶ፣ አንበሶ፣ እኔ ነኝ እኮ» ትዪው ነበር። በአካፋው ጠርዝ ጀርባውን መታሁት፤ አልለቀቀም። ጭንቅላቱን ደጋገምኩት። ከሞተ በኋላም መንጋጋውን በብረት ፈልቅቄ ነው እጅሽን ያወጣሁት።

ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ዋቆም ጭምር። ክትባቱን ስትከተቢ፣ ጉንጭሽ ሲሰፋ፣ ሁለቱ ጣቶችሽ ከእንግዲህ አይታጠፉም ሲባል እናትሽ እትዬ ወርቅውሃ ትከሻዬን ይስሙ ነበር። ኦቦ ኢተፋ ብቻ የግቢውን ቁልፍ መለሱልኝ። «እኔም ዝም ብያለሁ፤ ከዚህ ግቢ እንጀራ አልበላም» ብለው ሄዱ።

ትናንት እናትሽ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጅቷ እንድትሞት ፈልገህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። «ታዲያ አንድ ቃል ምን ነበረበት?» አሉ። ተነስተው በሩን ከፈቱልኝና «ለእሷም ራስህ ንገራት፤ እኔ ይህን የምናገርበት አፍ የለኝም» አሉኝ።

ከዚያ ወጥቼ ለዋቆ ነገርኩት፤ በጥፊ መታኝ፤ ከንፈሬ እስካሁን አብጧል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሊጠሩሽ ይችላሉ፤ ያወቅሽውን ሁሉ ተናገሪ፤ ለእኔ ብለሽ አንዲት ነገር አትቀንሺ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ድፍረት የለኝም። ቅዳሜ ሰበታ እመጣለሁ፤ እህትሽ ደጃፍ ቆሜ እስከ ቀትር እጠብቃለሁ። ወጥተሽ የምትዪኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ። ካልወጣሽ በሩን ሳላንኳኳ እመለሳለሁ።

የጆኒ ወንድም
ዓባይነህ
ቡራዩ